ፎርማት ወይስ ቅጂ? የቤት ውስጥ ፊልም ፉክክር ከኮልፌ ቀራኒዮ ሲታይ

ስለ ቪዲዮ ፎርማቶች ፉክክር የተጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ ከአንድ ታሪክ ይነሣል። ሶኒ ቤታማክስን እ.ኤ.አ. በ1975 አወጣ፤ በዓመቱ ጄቪሲ ቪኤችኤስን ይዞ ቀረበ፤ ምስሉ ይሻላል የተባለለት ቤታማክስ ተሸነፈ፤ በ1988 ሶኒ ራሱ የቪኤችኤስ መቅጃ መሥራት ጀመረ። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ከዚህ ታሪክ ሁለት የሚጋጩ ትምህርቶች ወስደዋል። ብራያን አርተር ትንሽ የመነሻ ብልጫ እየተጠራቀመች ገበያውን ከአንድ ወገን ጋር ልታስር እንደምትችል ማሳያ አደረገው። ሊቦዊትዝና ማርጎሊስ ደግሞ ሸማቹ አልተሳሳተም ባይ ናቸው፤ ሙሉ ፊልም የሚይዝ ካሴት ፈለገ፣ አገኘ፤ የምስሉም ልዩነት እንደሚወራው አልነበረም።

የሁለተኛው ማብራሪያ ድክመት ከአሜሪካ ወጣ ሲሉ ይታያል። የመጀመሪያው ቤታማክስ 1 ሰዓት፣ ቪኤችኤስ 2 ሰዓት መቅዳቱ በጃፓንና በአሜሪካ የኤንቲኤስሲ የቴሌቪዥን ሥርዓት እውነት ነው። እንደ ኢትዮጵያ ፓልን በሚከተሉ አገሮች ግን ኤል-750 የሚባለው የቤታ ካሴት 3 ሰዓት ከሩብ ሲይዝ፣ የተለመደው የቪኤችኤስ ኢ-180 የሚይዘው 3 ሰዓት ነበር። እዚያም ያሸነፈው ቪኤችኤስ ነው። ስለዚህ ምክንያቱን ከካሴቱ ርዝመት ውጭ መፈለግ ግድ ይላል፤ ለዚህ ደግሞ የምዕራብ አዲስ አበባ ሰፈሮች ከላቦራቶሪ መለኪያ የተሻለ ማስረጃ አላቸው እላለሁ።

በኮልፌ ቀራኒዮ፣ ከ18 ማዞሪያ እስከ አየር ጤና፣ ዴክ (የካሴት ማጫወቻ) ብዙ ጊዜ ወደ ቤት የገባው በዘመድ እጅ ነው፤ ከጅዳ ወይም ከቤሩት የተመለሰ ሰው ከቴሌቪዥኑ ጋር ያመጣው ነበር። ዴክ የሌለው ቪዲዮ ቤት ገብቶ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የህንድና የካራቴ ፊልም ያይ ነበር። ካሴት ከማከራያ ይወጣ፣ ከቤት ቤት ይዞር፣ ይመለስ ነበር። መብራት ከጠፋ ካሴቱ ዴኩ ውስጥ ታስሮ ያድር ነበር፤ የኪራዩ ሂሳብ ግን አብሮ አይቆምም ነበር። እንዲህ ባለ ዑደት ውስጥ የዴክ ገዢ አንድ ሰው አልነበረም፤ ተዋውሶ የሚያይ ጎረቤት በሙሉ ነበር። ኤቨረት ሮጀርስ የአዲስ ነገር መስፋፋት የሚወሰነው ተቀባዩ ስለ ነገሩ ባለው ግምት እንጂ በነገሩ ተፈጥሮ ብቻ አለመሆኑን ማስገንዘቡ ትክክል ነው። የጎደለው ግምቱ ከምን እንደሚሠራ መናገር ነው።

ግምቱ የተሠራው ከቅጂዎች ነው። ለዚህ ከቪኤችኤስ ወደ ቪሲዲ (ቪዲዮ ሲዲ) የተደረገውን ሽግግር ያህል ግልጽ ማሳያ የለም። ፊሊፕስ፣ ሶኒ፣ ማትሱሺታና ጄቪሲ በ1993 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት የቪሲዲ ደረጃ በፓል 352 በ288 ነጥብ ብቻ ነው የሚያሳየው፤ መሐንዲሶች ከጥሩ ቪኤችኤስ ጋር እኩል፣ ፈጣን እንቅስቃሴ ሲመጣ ደግሞ ካሬ ካሬ ስለሚሠራ ከዚያም ያነሰ ይሉታል። አሜሪካ ብዙም አልተቀበለችውም። የእኛ ተመልካች ግን «ጥርት ያለ» አለው። ተታሎ ነው ልንል እንችላለን፤ እኔ ግን ተታሏል ብዬ አላምንም። እሱ ያወዳደረው አዲስ ቪኤችኤስን ከአዲስ ቪሲዲ ጋር አይደለም። ከካሴት ወደ ካሴት ሦስት አራቴ የተገለበጠ፣ በኪራይ ብዛት ያለቀ፣ አቧራ የያዘ ሄድ የሚያነበው ቪኤችኤስ ነበረው፤ በዚህ አንጻር የመጣው ቪሲዲ ቢገለበጥ መቶኛው ቅጂም እንደ መጀመሪያው ነው። መጽሐፍ ላይ ያሉት ሁለት ደረጃዎች እኩል ሆነው ሳለ እጅ ላይ ያሉት ሁለት ቅጂዎች የሰማይና የምድር ያህል ተራራቁ።

ብራያን ላርኪን እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመው «ሲግናል ኤንድ ኖይዝ» የናይጄሪያዋን ካኖ መነሻ አድርጎ የተበላሸ ምስል ራሱን የቻለ የማየት ልማድ እንደሚፈጥር ጽፏል። ሐሳቡ ጠቃሚ ቢሆንም ተመልካቹን ከልኩ በላይ ታጋሽ ያደርገዋል። የእኛ ሰው ሱቅ ሆኖ «ሞክረው» ብሎ ሳያይ ሲዲ አይወስድም ነበር። ይዘላል፣ ይቆማል፣ ተጭሯል፣ ድምፁ ይቀድማል እያለ ጉድለቱን በዓይነት በዓይነት ይለየው ነበር። ይህ ልማድ ሳይሆን ሂስ ነው።

የማያልቀው ቅጂ መዘዝም ነበረው። ኦርጅናሉና ኮፒው በምስል ሲመሳሰሉ «ኦርጅናል» የሚለው ስም ከፊልሙ ወጥቶ ወደ ሽፋኑ ሄደ፤ የኅትመቱ ጥራት፣ የማሸጊያው ላስቲክ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለባለመብቱ ጥበቃ ቢሰጥም ፊልም ሠሪዎች ይበልጥ የተማመኑት በመዘግየት ነበር። ከናይጄሪያ የቪዲዮ ፊልም በተለየ፣ የአማርኛ ፊልም በቅድሚያ ሲኒማ ቤት ይታይ ነበር፤ ሲዲው የሚወጣው ያ ገበያ ሲቀዘቅዝ ነበር። እንደ አምባሳደር፣ ሴባስቶፖልና ዓለም ያሉት አዳራሾች ከቤቴልና ከዘነበወርቅ ታክሲ ያስይዙ ነበር። ቤተሰቡን ይዞ መሄድ ለከበደው ሰው ሲዲው የሲኒማው ምትክ ሳይሆን ዋናው ፊልም ነበር፤ «ሲዲው ይውጣ» ብሎ መጠበቅም ንፉግነት አልነበረም። ከፊልሙ ጎን ለጎን የመዝሙርና የመንዙማ ቪሲዲ ነበረ። በዚያ ገበያ የምስል ጥራት ለውድድር ሲቀርብ አላስተዋልኩም፤ የዘማሪውና የሙንሺዱ ስም ይበቃል።

ዲቪዲ ሲመጣ ጥራት ዕድሏን የምታገኝ ይመስል ነበር። 720 በ576 ነጥብ፣ በአንድ ገጽ 4.7 ጊጋባይት። ነገር ግን ብዙው ቤት ያለው ባለ 14 ወይም ባለ 21 ኢንች ባለ ሆዱ ቴሌቪዥን ነበር፤ በእሱ ላይ ብልጫው እምብዛም አይታይም ነበር። የታየው ቦታው ነው። ነጋዴው ያንን ሰፊ ቦታ በተጨመቁ ፊልሞች ሞላውና «5 በ1»፣ «8 በ1» እያለ ሸጠው፤ ምስሉ ወደ ቪሲዲ ደረጃ ተመልሶ ወረደ። የተሻለው ፎርማት አሸነፈ፤ ያሸነፈው ግን የተሻለበትን ነገር ትቶ ነው። ማጫወቻው አሮጌውን ቪሲዲ ማንበቡ ደግሞ ማንንም ከቀድሞ ክምችቱ ጋር አላጣላም። ብሉሬይና ኤችዲ ዲቪዲ ሌላው ዓለም ላይ ሲፋለሙ፣ የኤችዲ ዲቪዲው ቶሺባም በየካቲት 2008 (እ.ኤ.አ.) እጅ ሲሰጥ፣ ኮልፌ ውስጥ ወገን ለይቶ የተከራከረ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

ዲስኩን የጣለው ያው የዲቪዲ ማጫወቻ ነው፤ ፊት ለፊቱ ላይ የፍላሽ መሰኪያ ይዞ መጣ። አከራዩ ጫኝ ሆነ፤ ደንበኛው ፍላሹን ወይም ሚሞሪውን ይሰጣል፣ ፊልሙ ይጫንለታል። የፎርማት ጉዳይ በዚህ ያበቃ ይመስላል፤ አላበቃም። የቆየ ማጫወቻ የኤቪአይ ፋይል ከፍቶ የኤምኬቪ ፋይል ሲያይ እምቢ ይላል፤ ድምፁ ወጥቶ ምስሉ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ጫኙ ከመቅዳቱ በፊት የደንበኛውን ማጫወቻ ዓይነትና ዕድሜ ይጠይቃል፤ ካስፈለገም ፊልሙን ወደሚነበብለት ይቀይርለታል፣ ጥራቱን ቀንሶ።