የዛር ጠባይ፦ በሚሼል ሌሪስ መጽሐፍ ላይ የቀረበ ትችት

ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በጎንደር ስላለው የዛር ልማድ በ1958 እ.ኤ.አ. አንድ መጽሐፍ አሳትሟል። ዋናው ሐሳቡ የዛር ሥርዓት ከቴአትር ጋር ያለው ዝምድና ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህ ሐሳብ እስከ የት ድረስ እንደሚያስኬድ መመርመር ነው።

በመጀመሪያ ለመጽሐፉ የሚገባውን ምስጋና መስጠት ተገቢ ነው። ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር በተቀመጠ ጊዜ፣ አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ እያስተረጐሙለት፣ መልካም አየሁ የተባሉትን ባለዛር ከነተከታዮቻቸው በቅርብ ተመልክቷል። ያየውንም ሁሉ «ሰይጣን» በሚል አንድ ቃል አልዘጋውም። እያንዳንዱ ዛር የራሱ ስም፣ የራሱ ፉከራና የራሱ ምስ እንዳለው አስረድቷል። ሰውየው ፈረስ ነው፤ ዛሩ ጋላቢ ነው። ጋላቢው ሲለወጥም የፈረሱ ድምፅና አነጋገር አብሮ ይለወጣል።

የዚህ ሥራ ዋጋ ከሌላ ነገር ጋር ሲነጻጸር ይበልጥ ይታያል። በ1974 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣው «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ እያንዳንዱ የአንድ ምናባዊ ሰው ጠባይ ይዞ፣ ታሪክ በቃል የሚሠሩበት ጨዋታ ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. በታተመው ተጨማሪ ደንቡ አጋንንት ገቡ። ነገር ግን ከጥቂቶቹ በቀር «አንደኛ ዓይነት»፣ «ሁለተኛ ዓይነት» እየተባሉ እስከ ስድስተኛ ድረስ በቁጥር ተመደቡ። በቁጥር የተጠራ ጋኔን ተዋግቶ ይሄዳል፤ በምትኩ ሌላው ቢመጣ ልዩነቱ የጉልበት ብቻ ነው።

እንግዲህ ለዚህ ጋኔን ስም፣ ልብስና ለየት ያለ ድምፅ ቢጨመርለት እውነተኛ ጠባይ ያገኛልን? ቴአትርን መለኪያ ካደረግን መልሱ «አዎን» ይሆናል። እኔ ግን አይመስለኝም።

ዛሩ ሲለፈልፍ «ማን ነህ? ምን ትሻለህ?» ተብሎ ይጠየቃል። እርሱም ቀለሟ እንዲህ የሆነ ዶሮ፣ ሽቶ ወይም አዲስ ልብስ አምጡ ይላል። ቤተሰቡ ይማለዳል፣ ይከራከራል፣ ቀጠሮ ይለምናል፣ በመጨረሻም ይስማማል። ባል ለሚስቱ የነፈጋትን ልብስ ለዛሩ ሲል ይገዛል። አሜሪካዊው ሳይመን ሜሲንግ በዚያው በ1958 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት የዛርን ነገር ከማኅበራዊ ደረጃ ጋር ማያያዙ ስለዚህ ነው። ሚስቲቱ «አንቺ ዝም በይ» ትባላለች፤ በእርስዋ ላይ የተቀመጠው ዛር ግን «ጌታዬ፣ ይማሩን» ይባላል። ስለዚህ የዛሩ ቁጣና ኩራት ለትርኢት የተጨመረ ጌጥ አይደለም። ያልተሰማ ቃል የሚሰማበት መንገድ ነው።

ሌሪስ በተመልካች ፊት የሚጫወቱትን ቴአትር ከሚኖሩት ቴአትር መለየቱ እውነት ነው። የሆነ ሆኖ የቴአትር ተመልካች መጋረጃው ሲዘጋ ዕዳ የለበትም፤ የዛር ተመልካች ግን ዕዳ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ለዚህም ምስክሩ ሌሪስ ራሱ ነው። በ1934 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ ማስታወሻ፣ ለአንድ ዛር የታረደውን በሬ የገዛው የምርምር ቡድኑ መሆኑን ጽፏል። ተመልካች ነኝ ያለው ሰው ከከፋዮቹ አንዱ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ከዚህ የምንረዳው የአንድ መንፈስ ጠባይ የሚታወቀው ማንን እንደሚያስገድድና ማን እንደሚመልስለት በማየት መሆኑን ነው። ጨዋታ ለሚደርሱም ሰዎች ትምህርቱ ይኸው ነው። ጋኔኑን ሕያው የሚያደርገው የጠራው ሰው ነገ የሚከፍለው ዕዳ እንጂ የቀንዱ ርዝመት አይደለም።

ሐሳቡ ግን በጎንደር ብቻ ተፈትኖ ሊቀር አይገባውም። በአርሲ ፈረቀሳ የሚገኘው የአዮ ሞሚና ሥፍራ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ኦሮሞውም አማራውም ስለት ይዞ የሚሄድበት ነው። ከአሰላና ከአካባቢዋ የመጣን ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜያችን የመንፈሶችን ስም ብቻ ሳይሆን፣ ማን ምን እንደተሳለ፣ ስለቱን ማን እንደከፈለና በዚህም በቤቱ ውስጥ የማን ቃል እንደተሰማ ብንመዘግብ፣ ሌሪስ የጀመረውን ሥራ ወደፊት ልናራምደው እንችላለን።