ነርሲንግ ደረሰኝ

ለልምምድ ወደ ዋርዳችን የሚመጡ ተማሪዎችን «ለምን ነርስነትን መረጣችሁ?» ብዬ መጠየቅ ካቆምኩ ሰነባብቻለሁ። መልሱን አውቀዋለሁ። ከፊሎቹ «ሰው መርዳት ስለምወድ» ይላሉ፤ ለፈተና በቃል የያዙት ነው የሚመስለው። ከፊሎቹ ደግሞ ትከሻቸውን ሰበቅ አድርገው «ደረሰኝ» ይላሉ። ምርጫ ሲሞሉ አንደኛ ሜዲሲን፣ ሁለተኛ ፋርማሲ፣ ቀጥሎ ላብራቶሪ ብለው፣ ነጥባቸው ትንሽ ሲጎድል ነርሲንግ የወጣላቸው ናቸው። እኔን ደስ የሚሉኝ እነዚህኞቹ ናቸው። ቢያንስ በመጀመሪያው ቀን አልዋሹኝም።

እኔም የደረሰኝ ነኝ። የተመኘሁት ፋርማሲ ነበር፤ ንጹሕ ነጭ ጋዋን፣ በመደርደሪያ የተሰደረ መድኃኒት፣ በእኔና በበሽተኛው መካከል አንድ መስታወት። የምደባው ዝርዝር ሲለጠፍ ስሜን ያገኘሁት ሌላ ወረቀት ላይ ነው። አባቴ «የሆስፒታል ሥራ ጦም አያሳድርም» ብሎ ነገሩን ዘጋው። እናቴ ለጎረቤት አወራች፤ ጎረቤቶቻችንም ገና አንድ ቀን ክፍል ሳልገባ ደም ግፊታቸውን እንድለካላቸው እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ መጡ። ነርስ የሆንኩበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ነጥብ፣ ደመወዝና የሰፈር ሰው። ከዚህ የከበረ ምክንያት ካለኝ እስካሁን አላገኘሁትም። ሥራውን ለምን አልተውሽውም ብባል ግን የምናገረው አለኝ።

ስንመረቅ ሻማ አብርተን የፍሎረንስ ናይቲንጌልን ቃለ መሐላ ምለናል። ቤተሰብ እልል አለ፣ ያለቀሱም ነበሩ። መሐላው የእሷ እንዳልሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው። እሷ በሕይወት ሳለች፣ በ1893 እ.ኤ.አ.፣ አሜሪካ ዲትሮይት ከተማ ሊስትራ ግሬተር የምትባል ነርስ ከባልደረቦቿ ጋር ጽፋ በናይቲንጌል ስም ሰየመችው። ናይቲንጌልም ብትሆን በፋኖሷ ትታወቅ እንጂ ጉልበቷ ቁጥር ላይ ነበር። ከክራይሚያ ጦርነት ስትመለስ ከቁስል ይልቅ ወታደሩን የጨረሰው በሽታ መሆኑን አስልታ፣ በሥዕል አስደግፋ ለሹማምንቱ አሳየች፤ ከዚያም አየር፣ ፍሳሽ፣ ንጽሕና እያለች ስትጨቀጭቃቸው ኖረች። በምረቃ ቀን ይህን የሚያነሣ የለም። ለፎቶ ሻማው ይሻላል።

እኔን የያዘኝ የአንዲት ነርስ እጅ ነው። ሁላችንም «እትዬ» ነበር የምንላት፤ ጡረታዋ የተቃረበ፣ ቁጡ፣ ለተማሪ ፊት የማትሰጥ ሴት ነበረች። አንድ ሌሊት ተቅማጥና ትውከት ያደከማቸው አሮጊት ከገጠር መጡ። ውሃ ከሰውነታቸው አልቋል፤ ቆዳቸውን ቆንጥጠው ሲለቁት እንደተነሣ ይቆያል። ክንዳቸው ላይ አንድም ደም ሥር አይታይም። ይዟቸው የመጣው ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ ሆኖ «ኧረ ግሉኮስ ስኩላት!» እያለ ይጮኻል።

እትዬ አልተጣደፈችም። የአሮጊቷን ክንድ ከአልጋው ጠርዝ ወደ ታች አንጠለጠለችው፤ በሙቅ ውሃ የራሰ ጨርቅ ጠቀለለችበት። ማሰሪያ ስላልነበረ ጓንት ወስዳ ከክርናቸው በታች ሸብ አደረገችው። መብራት ላቅርብልሽ ብላት «ለዓይን አይደለም» አለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ክንዱን በአመልካች ጣቷ እየተጫነች፣ እየለቀቀች ትፈልጋለች።

«የሚታየው ደም ሥር ያታልልሻል። የሚነጥረውን ፈልጊ።»

ጣቴን ይዛ አስቀመጠችልኝ። ከቆዳው ሥር አንድ ነገር ለስለስ ብሎ ጣቴን መልሶ ገፋው። አይታይም፤ ግን አለ።

«እማማ፣ ቆንጠጥ ያደርግዎታል፤ እጅዎን እንዳያንቀሳቅሱብኝ።»

«አንቺ ብቻ አግኚው እንጂ፣ ልጄ።»

ቆዳውን በአውራ ጣቷ ወጠር አድርጋ መርፌውን አጋደም እንዳለ አስገባችው። ካኑላው ጀርባ ላይ ደም ብልጭ ሲል ቆም አለች፤ መርፌውን ይበልጥ አስተኝታ ጥቂት ገፋችው፣ ከዚያ ፕላስቲኩን ብቻ ወደ ውስጥ አንሸራተተችው። ጓንቱን ፈታች። መርፌውን ከመንቀሏ በፊት ደም ሥሩን ከላይ በጣቷ ስለተጫነችው አንሶላው ላይ አንዲት ጠብታ አልወደቀችም። በፕላስተር አሰረችና «ሰዓትሽን አውጪ» አለችኝ። የመጀመሪያው ፈሳሽ በሩጫ ገባ። ከነጋ በኋላ የተሰካው ግን በ8 ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ ታዘዘ። በእኛ መስመር 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ነው፤ 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት ለማስገባት በደቂቃ 42 ጠብታ ያህል ይሆናል። ሰዓቴን ከጠብታው አጠገብ ይዤ ቆጠርኩ። ሲፈጥን ጠበቅ አደረግኩት፣ ሲዘገይ ላላ፣ እንደገና ቆጠርኩ።

ያን ሌሊት የተሰማኝ ርኅራኄ ነው ብል እዋሻለሁ። ቅናት ነው። ያ እጅ የእኔ እንዲሆን ፈለግኩ። በሙያው እንድቆይ ያደረገኝ የመጀመሪያው እውነተኛ ምክንያት እሱ ነው፤ አላፍርበትም። በሽተኛም ቢሆን ልዩነቱን ያውቃል። ካኑላ ተበላሽቶ እንደገና ሊወጋ ሲል «ያቺን ልጅ ጥሩልኝ» ይላል። የሚያስጠራት በአንዴ የምታገኘዋን ነው፤ ፈገግታዋ ያማረውን አይደለም። እጁ ያልሠለጠነ ደግ ሰው ክንድን አምስት ቦታ ይበሳል።

ርኅራኄው የመጣው ዘግይቶ ነው፤ የመጣውም በእጅ በኩል ነው። ጀማሪ የሚታየው ክንድ ብቻ ነው፤ ላብ ያጠምቀዋል፣ ከመርፌው ሌላ ዓለም የለውም። እጅ ሥራውን ሲያውቅ ግን ዓይንና ጆሮ ይፈታሉ። ያኔ በሽተኛው የታዘዘለትን መድኃኒት «ገዝቻለሁ» ሲል ዓይኑን መስበሩን ታያለህ። አስታማሚዋ ለእናቷ ፔርሙዝ ሙሉ አጥሚት ይዛ እሷ ግን ከትናንት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰች ታያለህ። የታማሚው ሐሳብ ከሆዱ ሕመም ይልቅ ለጎረቤት አደራ ጥሏት የመጣት ላም ላይ መሆኑን ትሰማለህ። «ሰው መርዳት እወዳለሁ» ያለው ተማሪ ይህን ሳያይ የሚያልፈው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እጁ ገና ስላልተፈታ ነው። ስለዚህ ተማሪ ሲመጣልኝ ስለ ፍቅር አላስተምርም። ትንፋሽ አስቆጥራለሁ።

የትኛውንም ቻርት ግለጡ፤ የትንፋሽ ቦታው ላይ 20፣ 20፣ 20 ይላል። ጤነኛ አዋቂ ሰው ሲያርፍ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ 20 ማንንም አያስደነግጥም፣ ስለዚህ ያልቆጠረ ሁሉ 20 ይጽፋል። ሙቀቱን ቴርሞሜትሩ ይናገራል፣ ግፊቱን መሣሪያው ይናገራል። ትንፋሽን ግን፣ ሞኒተር በሌለበት ዋርድ፣ የሚቆጥረው ሰው ነው፤ ሙሉ አንድ ደቂቃም ይፈልጋል። አልጋው ሁሉ ሞልቶ ተረኛው ሁለት ብቻ በሆነበት ሌሊት አንድ ደቂቃ ቀላል አይደለም። ይባስ ብሎ እየተቆጠረበት መሆኑን ያወቀ በሽተኛ ትንፋሹን ይለውጣል። ስለዚህ የልብ ምት የሚለካ መስለህ አንጓውን ትይዛለህ፤ ዓይንህ ግን ደረቱ ላይ የተጣለው ጋቢ ላይ ነው፤ ሲነሣ አንድ፣ ሲነሣ ሁለት። ሰውነት ሲጨንቀው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚፈጥነው ትንፋሽ ነው፤ ግፊት የሚወርደው ዘግይቶ፣ ነገሩ ከከፋ በኋላ ነው። ሐኪም በራውንድ ጊዜ አልጋው አጠገብ ጥቂት ደቂቃ ይቆማል። ሌሊቱን የምናድረው እኛ ነን።

በአገራችን ነርስነት ሲወሳ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ይጠራሉ፤ ይገባቸዋልም። በስደት እንግሊዝ ሳሉ ለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው በነርስነት ተመረቁ። የንጉሥ ልጅ የሕፃን ሽንት ጨርቅ ስትቀይር! አገር ነፃ ሲወጣ ተመለሱ፤ በ1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ በወሊድ ምክንያት አረፉ። አዲስ አበባ ውስጥ በስማቸው መታሰቢያ ሆስፒታል ተሠራ፤ ኋላ ጦር ኃይሎች የተባለው ነው። የእሳቸው ምክንያት ምርጫ ነበር ልንል እንችላለን፤ ለመማር ሳይገደዱ ተምረዋልና።

እኔን ይበልጥ የሚያነጋግረኝ ግን በዚያው ሆስፒታል በር የገቡት ሌላ ሴት ታሪክ ነው። በ1951 ዓ.ም. ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን የተባሉ ባልና ሚስት የማኅፀን ሐኪሞች ወደ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል መጡ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ማሚቱ ጋሼ፣ ገና ልጅ ሳሉ፣ ምጥ ለቀናት ጠንቶባቸው፣ ልጁ ሞቶ፣ ፊስቱላ ይዘው ከገጠር ደረሱ። ታከሙ፤ ወደ ቤት ግን አልተመለሱም። አልጋ ማንጠፍ ጀመሩ። ከዚያ ለቀዶ ሕክምና መሣሪያ ማቀበል። ከዚያ አጠገብ ቆሞ ማየት፣ ማየት፣ ማየት። ትምህርት ቤት ሳይገቡ የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆኑ፤ ከየአገሩ የመጡ ዶክተሮችን እጅ አሠልጥነዋል። ሐምሊኖቹ በኋላ በከፈቱት የፊስቱላ ሆስፒታልም ከታካሚነት ወደ ነርስ ረዳትነት የተሻገሩ ሴቶች ጥቂት አይደሉም። ማንም ፎርም ሰጥቶ «ለምን ትፈልጊያለሽ?» አላላቸውም። ደረሳቸው፤ በዚያ ላይ እጅግ በከፋ መንገድ ደረሳቸው።

«ነርስነት ጥሪ ነው» የሚለውን ንግግር የምጠረጥርበት ሌላም ምክንያት አለ። ንግግሩ ሁልጊዜ የሚመዘዘው ደመወዝ ሲነሣ ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም ጠይቀው በተለያዩ ሆስፒታሎች ሥራ ሲያቆሙ፣ እኔ ቤት ቡና ላይ የተቀመጡ ዘመዶቼ «ምላችሁ የለ እንዴ?» አሉኝ። ሥራ ማቆም ተገቢ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ባልደረቦቼም አንድ ልብ አልነበሩም፤ ድንገተኛ ክፍል የሚሠራና ተመላላሽ የሚሠራ እኩል አያየውም። መሐላችን ውስጥ ግን የቤት ኪራይ ለአከራይ በፍቅር ይከፈላል የሚል የለም። ሰውን እወዳለሁ ያለ ሰው ጓንት ሲያልቅ ዝም እንዲል፣ ሁለት ፈረቃ ሲደረብበት አሜን እንዲል ይጠበቅበታል። «ለደመወዝ ነው የመጣሁት» ያለ ሰው ግን ጓንቱን ይጠይቃል። ጓንቱ ሲመጣ የሚጠቀመው በሽተኛውም ነው።

አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ሜሪላንድ ናት። አሜሪካ እንደገባች የአዛውንት መንከባከቢያ ውስጥ ረዳት ሆና ጀመረች፤ እየሠራች አጥንታ፣ ኤንክሌክስ የሚባለውን የፈቃድ ፈተና አልፋ፣ ዛሬ ነርስ ናት። ለምን እንደገና ወደዚያው ሙያ እንደገባች ስጠይቃት «ለብር ነዋ፤ የእናቴ ቤት የሚያየው እኔን አይደል?» አለችኝ፣ ሳታፍር። እዚያ ፓምፕ ጠብታውን ይቆጥርላታል፣ ሞኒተር ትንፋሹን። ያም ሆኖ ሞኒተሩን እንደማታምነውና ሰዓቷን አውጥታ ራሷ እንደምትቆጥር ነገረችኝ። እትዬን ሁለታችንም አንስተን በስልክ ሳቅን።

ዘንድሮ አንድ ረጅም ልጅ መጣልን። ጋዋን ስለለበሰና ወንድ ስለሆነ በሽተኞቹ ሁሉ «ዶክተር» ይሉታል፤ እሱም መጀመሪያ «ተማሪ ነኝ» ይላቸው ነበር፣ ኋላ ደከመው። ሳልጠይቀው «ሲስተር፣ እኔ ነርሲንግ ደርሶኝ ነው እንጂ…» ብሎ ጀመረና ተወው። ቪታል ሳይን ሰጠሁት፤ ትንፋሽን በሙሉ ደቂቃ ቁጠር ብዬ።

ከሰዓት በኋላ ቻርት ይዞ መጣ። ቁጥር 7 ላይ የተኙት አባት ከጠዋት ጀምሮ 20 ተብለው ተጽፈዋል፤ እሱ 34 ጽፏል።

«ተሳስቼ ይሆን?» አለኝ።

ሄጄ አንጓቸውን ያዝኩ፤ 33 ቆጠርኩ። ተረኛው ሐኪም ተጠራ፣ ኦክስጅን ተሰካ፣ ራጅ ታዘዘ፤ የሳንባ ምች ነበር። ልጁ ምንም አላለም። በነጋታው ስገባ ግን ማንም ሳያዘው ዋርዱን ሙሉ ቆጥሮ ጨርሶ ነበር፤ ሦስት ቻርት ላይም 20ውን ሰርዞ አጠገቡ ፈርሟል። የሌሊት ተረኞቹ ተቆጥተው ሊያናግሩኝ እየጠበቁ ነበር።

ሐሳቡን የቀየረ አይመስለኝም። ማስተርሱን በፕሮጀክት ማኔጅመንት ሠርቶ ኤንጂኦ መግባት ነው የሚፈልገው፤ ክፍያው የተሻለ ነው ይላል። ልክ ነው፣ የተሻለ ነው። ከመሄዱ በፊት ካኑላ ላስለምደው ነው፤ ደም ሥር በዓይኑ ይፈልጋል ገና።