የማርስ ሰዎች ጠባሴ ቢወርዱ

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የሳይንስ ልቦለድ ጽፌያለሁ ብሎ ረቂቁን ሰጠኝ። ልጁ የደብረ ብርሃን ነው። ባለታሪኩ ግን ጆን ይባላል፤ የሚኖረውም ኒውዮርክ። ከሰማይ የመጣው መርከብም እዚያው ፎቆቹ መሀል ያርፋል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንድም ቦታ ላይ አልደነገጥኩም። ልጁ ኒውዮርክን አያውቃትም፤ እኔም አላውቃት። የማናውቀው መንገድ ቢፈርስ ምን ሊሰማን?

እንግሊዛዊው ኤች. ጂ. ዌልስ በ1898 እ.ኤ.አ. ባሳተመው "የዓለማት ጦርነት" የማርስን ሰዎች ያወረዳቸው ራሱ ይኖርበት በነበረው በዎኪንግ ከተማ አጠገብ ነው። በብስክሌት እየዞረ የሚጠፋውን ሰፈርና የሚጠፋውን ሰው ይመርጥ እንደነበር ራሱ ጽፏል። (ክፉ ጎረቤት!) ለንደን ጭር ስትል ባለታሪኩ የሚያልፍበት ኤግዚቢሽን ሮድ ዛሬም ሰው የሚመላለስበት ጎዳና ነው። የዘመኑን አንባቢ ያስደነገጠው ይኼ ይመስለኛል፤ መንገዱን ያውቀዋላ!

የኛ ልጅ የተወለደባት ከተማ ደግሞ ስሟ ራሱ ከሰማይ የወረደ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆረቆሯት ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ተብሎ ነው፤ የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ነበር የሚሉም አሉ። ከዚህ በላይ ምን መነሻ ይፈልጋል? እስቲ መርከቡን ጠባሴ ያሳርፈው። የጋሪው ፈረስ ይደንብር፤ የደሴው አውቶቡስ መንገድ ይዘጋበት፤ አረቄ ቤት ያሉት ሰዎች እርስ በርስ ይተያዩ። ብርዱንማ የማርሱም ሰውዬ ይቅመሰው!

ይህንኑ ስነግረው "ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን ላይ እንዲህ ሆነ ብል ማን ያምነኛል?" አለኝ።

የኒውዮርኩንስ መች አመንኩህ አልኩት።