በማግኔቱ በር ላይ የሚቆም ባለሙያ
በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች የኤምአርአይ ባለሙያ ሥራ የሚጀምረው ከጥያቄ ነው። የማሽኑ ማግኔት ብዙውን ጊዜ 1.5 ወይም 3 ቴስላ ነው፤ ትንሹ እንኳ ከምድር መግነጢሳዊ ኃይል 30,000 ጊዜ ገደማ ይበልጣል፤ ምርመራ ባይኖርም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2001 ኒው ዮርክ ውስጥ ወደ ኤምአርአይ ክፍል የገባ የኦክስጅን ሲሊንደር በማግኔቱ ተስቦ የስድስት ዓመት ልጅ ገድሏል። የቀድሞ ወታደር ደግሞ ብረቱን በሰውነቱ ይዞ ሊመጣ ይችላል፦ ዓይን አጠገብ የቀረ ፍንጣሪ፣ አጥንት የያዘ ብሎን፣ የልብ ምት መቆጣጠሪያ። ባለሙያው «የት ቆሰሉ? ምን ወጣልዎ? ምን ቀረ?» እያለ በትዕግሥት ይጠይቃል፤ ከተጠራጠረም ዓይናቸው በራጅ እስኪታይ ያቆያቸዋል። ይህን ጥንቃቄ ከልቤ አከብራለሁ።

«ማሽኑ ያነሳል፣ ሐኪሙ ያነባል፤ ባለሙያው ቁልፍ ከመጫን ሌላ ምን ይሠራል? ጥያቄውስ ቢሆን ፎርም ላይ አለ» የሚሉ አይጠፉም። ፎርም ግን የሚያውቀው የተሞላበትን ብቻ ነው፤ ከአርባ ዓመት በፊት ጦር ሜዳ ላይ በተሰፋ ቁስል ውስጥ የቀረውን ባለቤቱም ላያውቀው ይችላል። ምስሉም ታካሚው ካልረጋ ይደበዝዛል። የማሽኑ ጠባብ ዋሻና እንደ መትረየስ የሚንጣጣው ድምፅ የጦርነት ትዝታ ለሚያስጨንቀው ሰው ከባድ ነው። የጆሮ መከላከያውን አስተካክሎ፣ ቀጣዩ ድምፅ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ነግሮ፣ የጥሪ መጭመቂያውን እጃቸው ላይ አስይዞ፣ በየመሀሉ የሚያነጋግራቸው ይኸው ባለሙያ ነው። ማረጋጊያ መድኃኒት አለ፣ እውነት ነው፤ ግን ለሁሉም አይስማማም፣ የወሰደውም ሰው መኪና ነድቶ መመለስ አይችልም። የሰው ድምፅ ሲበቃ ታካሚው ምርመራውን ሳያቋርጥ ይጨርሳል፤ ሐኪሙም የአከርካሪውን ዲስክ ወይም የአንጎሉን ጉዳት አጥርቶ ያያል።