ብረትን የሚያስር ከሰል

ኤልያስ የበኣልን ነቢያት የቀጣበት የቂሶን ወንዝ ዛሬ በሃይፋ ፋብሪካዎች አጠገብ አልፎ ሜዲትራኒያን ይገባል። ለአሥርተ ዓመታት የኢንዱስትሪ ፍሳሽ ሲወርድበት ኖሮ ደለሉ ውስጥ ከባድ ብረታ ብረት ተከማችቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ ደለሉን ቆፍሮ ማውጣት ግድ ሆነ። ወጪው ቀላል አይደለም።

እርሻ ሲበከል ግን አፈሩን ሁሉ ዝቆ መጣል አይቻልም። ባዮቻር የተባለውን ከሰል የማደንቀው ለዚህ ነው። የቡና ገለባ ወይም የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ አየር እንደ ልብ በማይገባበት ምድጃ ከ350 እስከ 700 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲግል፣ ጣት ላይ የሚፈረፈር ቀላል ከሰል ይሆናል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። እርሳስና ካድሚየም ገጹ ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ የአፈሩንም አሲዳማነት ስለሚቀንስ ብረቶቹ ሟሙተው ወደ ተክሉ ሥር የሚገቡበት ዕድል ይጠባል። ብረቱ አይጠፋም፣ ይታሰራል እንጂ። አርሴኒክ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ከሰሉ አንዳንዴ ጭራሽ ይፈታዋል።

በተበከለው የአቃቂ ወንዝ ውኃ የበቀለ ጎመን ለምንበላ አዲስ አበቤዎች ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የከተማ ግብርና ኃላፊዎች ሆይ፣ መጀመሪያ አፈሩን አስመርምሩ፤ ቀጥሎ የቡናውን ገለባ ከመጣል አክስላችሁ አንድ መደብ ላይ ሞክሩት።