ልጅ ያነበበው ለቤት ሲበቃ

አባቶቻችን «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብለው ተርተዋል። ቃሉ ስለ ሊጥ ሲነገር እውነት ነው፤ ስለ ንባብ ሲነገር ግን ሊታረም ይገባዋል። በሊበን፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ በሚገኙ ብዙ የገጠር ቤቶች ፊደል የሚያውቀው ልጅ ነው። ከጤና ጣቢያ የመጣው ወረቀት፣ የግብሩ ደረሰኝ፣ ከከተማ የተላከው ደብዳቤ ሁሉ የሚነበበው በልጅ አፍ ነው። እንግዲህ ልጅ ያነበበው ለቤት የሚበቃ ከሆነ፣ ለቤተ ሰብ የሚሆን መጽሐፍ ስንፈልግ ይህንኑ ማሰብ ይገባናል።

በሌላው ዓለም ስለ ቤተ ሰብ ንባብና ስለ ልጅ አስተዳደግ የተጻፉት መምሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ወላጁ አንባቢ፣ ልጁ አድማጭ ነው ከሚል አሳብ ነው። እኔም በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት መምህራኑ ማታ ማታ ልጆቻቸውን ሰብስበው ሲያነቡላቸው አይቻለሁ። ልማዱ መልካም ነው፤ ነገር ግን እናት ፊደል በማታውቅበት ቤት እንዳለ ሊተከል አይችልም። ስለዚህ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳስተምር መጽሐፍን የምመዝንበት አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ይኸውም፣ ልጁ በምድጃ ዳር ሆኖ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነበው፣ እናቱ ሰምታ ልትመልስለት፣ ልታርመው፣ ከራሷም ልትጨምርበት ትችላለችን? የሚል ነው። በዚህ ሚዛን ሦስት የታወቁ መጻሕፍትን እንይ።

የመጀመሪያው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1910 ዓ.ም. ያሳተሙት «ለልጅ ምክር፥ ለአባት መታሰቢያ» ነው። ስለ ልጅ አስተዳደግ በአማርኛ ከታተሙት መጻሕፍት ቀደምት ከሆኑት አንዱ ስለ ሆነ ክብር ይገባዋል። ነገር ግን አርእስቱ ራሱ እንደሚነግረን አባት ይመክራል፤ ልጅ ይሰማል። ልጁ ለወላጆቹ ሲያነበው ነገሩ ይገለበጣል፤ መካሪው ልጅ፣ ተመካሪው አባት መስሎ ይታያል። እናትም በአርእስቱ ውስጥ ስፍራ አላገኘችም። ስለዚህ ይህ መጽሐፍ ብቻውን ለተቀመጠ ወጣት ይጠቅማል እንጂ ቤቱን ሁሉ ለማነጋገር የተሰናዳ አይደለም።

ሁለተኛው የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የወንዝ ሙላት መንገድ ስለ ዘጋበት አዝማሪ የሚናገር ግጥም አለ። አዝማሪው ውሃው እንዲጎድልለት በዳር ቆሞ እየዘፈነ ይለማመጠዋል፤ መንገደኛም አይቶ ይገሥጸዋል። በነሐሴ ወር ፈጣምን ወይም ብርን ለመሻገር ያልቻለ የጎጃም ገበሬ ይህን ሲሰማ ዝም አይልም፤ እርሱም ስለ ደረሰበት ሙላት ይናገራል። ግጥም በመሆኑም ፊደል የማያውቅ ጆሮ ሳይቀር ይይዘዋል። የሚነቀፍበት ነገር ቢኖር ምስጢሩን ራሱ ገልጦ መጨረሱ ነው። ምክሩ ተጽፎ ካለቀ አድማጩ ምን ይመልሳል? ስለዚህ ልጆች ሆይ፣ ስታነቡ የመጨረሻዎቹን ስንኞች በእጃችሁ ሸፍናችሁ «ትርጉሙ ምን ይመስላችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ በኋላ አንብቡ።

ሦስተኛው የአገራችን የጎጃም ልጅ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1948 ዓ.ም. ያወጡት «ተረት ተረት የመሠረት» ነው። ደራሲው ብዙ ሰው የሚያውቃቸው ከዐሥር ዓመት በኋላ በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ስለ ሆነ ይህ መጽሐፍ እንደ ታናሽ ሥራ ይቈጠራል። ለእኔ ግን አርእስቱ ብቻ ትልቅ ትምህርት ነው። «ተረት ተረት» የሚለው ተራኪው ነው፤ የቀረውን የሚመልሰው አድማጩ ነው። ተራኪው ሲጨርስም ተረቱ እንዲመለስለት ይጠይቃል። ይህ የአያቶቻችን ሥርዐት ለመናገርና ለመስማት እኩል ስፍራ ይሰጣል። እናት ፊደል ባታውቅም በዚህ ጉባኤ ሊቅ ናት። ምናልባትም ልጁ ካነበበው የተሻለ ተረት ታውቃለች።

ጉዳዩ የሚያሳስበኝ ያለ ምክንያት አይደለም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሚሊዮን ለሚቈጠር ሕዝብ ፊደል አስተማረ፤ ከዩኔስኮም ሽልማት አገኘ። ነገር ግን በገጠር ቤት ውስጥ የሚነበብ ነገር ስለ ታጣ የተማረው ብዙ ሰው መልሶ ረሳው። ፊደል እንደ ማረሻ ነው፤ ካልተሠራበት ይዝጋል። መጽሐፍን ወደ ሰው ማድረስ እንደሚቻል ግን አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ አሳይተዋል። በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፍተው፣ ቈይቶም በሐዋሳ አህያ የሚጐትተው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አቆሙ። አህያ በእኛም አገር አልታጣም።

ዛሬ ደግሞ ችግሩ በርትቷል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ብዙ ሕፃናት ከትምህርት ተለይተዋል። የትምህርት ቤት በር በተዘጋበት ጊዜ ለታናሹ ልጅ የቀረለት ቤቱ፣ ምናልባትም በደብሩ ጥላ ሥር ፊደል የሚያስቈጥሩ የኔታ ናቸው።

ስለዚህ እናንት ማንበብ የምትችሉ ወጣቶች፣ መጽሐፍ የለም ብላችሁ አትቀመጡ። ከገበያ የሚገዛ የፊደል ገበታ፣ ታላቅ ወንድም የተማረበት አሮጌ መጽሐፍ፣ ከጎረቤት በውሰት የተገኘ የተረት መጽሐፍ ለመጀመሪያ ይበቃል። ከራት በኋላ አንድ ገጽ አንብቡ፤ ታናናሾቻችሁ ፊደሉን በጣታቸው እየተከተሉ ይዩ። ከዚያም መጽሐፉን አጥፋችሁ «እማዬ፣ አንቺም ተራሽን ተርቺ» በሉ። የተናገረችውን በደብተራችሁ ጻፉ፤ በማግሥቱም ማታ መልሳችሁ አንብቡላት። የራሷ ቃል በወረቀት ላይ ተጽፎ ሲነበብ የሰማች እናት፣ ልጇ መጽሐፍ ይዞ ሲቀመጥ ሥራ ፈታ ብላ አትቈጣም። እርሷም «ይህ የኔ ቃል የትኛው ነው?» ብላ ፊደሉን ትጠይቅ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ታግሣችሁ አሳዩአት።