ቀለም፣ ልብስና የካንሰር ታካሚ፦ ከውጭ የመጣ ምክር በወለንጪቲ ሲመዘን

እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ ተጀምሮ በኋላ ከሃያ በላይ ወደሆኑ ሀገሮች የተስፋፋው «ሉክ ጉድ ፊል ቤተር» የተሰኘ መርሐ ግብር፣ በሕክምና ላይ ያሉ የካንሰር ታካሚ ሴቶችን የፊት ቅባት፣ የኩልና የከንፈር ቀለም አጠቃቀም፣ የሻሽ አስተሳሰርና የልብስ አመራረጥ በነፃ ያስተምራል። መነሻ ሐሳቡ በጎ ነው፤ መልኳ የተለወጠባት ሴት በመስታወት ውስጥ የምታውቀውን ፊት ስታገኝ የሕክምናውን ጫና የመቋቋም ብርታቷ ይጨምራል የሚል ነው። ይሁንና አንድ ምክር በጎ ስለሆነ ብቻ ለሁሉም ስፍራ ይስማማል ማለት አይደለም።

በመጀመሪያ ሊጤን የሚገባው የምክሩ ምንጭ ነው። መርሐ ግብሩን ከአሜሪካ የካንሰር ማኅበርና ከውበት ባለሙያዎች ማኅበር ጋር የመሠረተው የመዋቢያ አምራቾች ማኅበር በመሆኑ፣ በጎ አድራጎትና ገበያ ጎን ለጎን መቆማቸው አልቀረም። ሌላው ጥያቄ መዋቡ የሚጠቅመው ማንን ነው የሚለው ነው። ደራሲዋ ኦድሪ ሎርድ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመችው የካንሰር ማስታወሻዋ፣ ጡቷ ከተወገደ በኋላ ሰው ሠራሽ ጡት ሳታደርግ ለክትትል ስትሄድ አንዲት ነርስ ይህ የሐኪም ቤቱን መንፈስ ይጎዳል ብላ እንደወቀሰቻት ጽፋለች። እዚህ ላይ መሸፈኑ የተፈለገው ለታካሚዋ ሳይሆን ለተመልካቹ ምቾት ነበር።

ምክሩ ወደ ሀገራችን ሲመጣ ደግሞ ሌላ መልክ ይይዛል። ከአዳማ ወደ መተሐራ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ሞቃታማዋ ወለንጪቲ የምትኖር አንዲት የጡት ካንሰር ታካሚ ትታሰብ። ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋሚድ በጀመረች በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ ጸጉሯ መርገፍ ይጀምራል። በኅብረተሰባችን የተላጨ የሴት ራስና ጥቁር ልብስ የሐዘን ምልክት በመሆናቸው፣ ጎረቤት በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን ሞተባት?» ብሎ ነው። እንግዲህ «ጥቁር ልብስ ገላን ያሳምራል» የሚለው የተለመደ የፋሽን ምክር ለዚህች ሴት ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል፤ በሕይወት ያለች ሴት የራሷን ሐዘን የተቀመጠች ያስመስላታልና። ብጫ ወይም ቀይ ሻሽ ግን ለጎረቤት ጥያቄ ያለ ቃል መልስ ይሰጣል። ሻሽ የአካባቢው ሴቶች የዘወትር ልብስ ስለሆነ ማንንም አያስገርምም፤ በቆላው ሙቀትም ከሰው ሠራሽ ጸጉር ይልቅ ይመቻል። በደረት ላይ የተጣለ ነጠላም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለውን የጡት አለመመጣጠን ይሸፍናል። ጨረር ያረፈበትን ቆዳም ቢሆን ለስላሳና ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ አይፈትገውም።

የቀለም ምርጫውም እንዲሁ ማስተካከያ ይሻል። ብዙዎቹ የውጭ መመሪያዎች የገረጣ ነጭ ቆዳን ማቅላት ዓላማቸው ነው። በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን ኬሞቴራፒ ብዙ ጊዜ ፊትን፣ መዳፍንና ጥፍርን ይበልጥ ያጠቁራል። ይህንን ለመሸፈን ከቆዳዋ የነጣ ፓውደር የምትቀባ ሴት ፊቷ አመድ የነፋበት ይመስላል፤ ያልጠቆረውን የቆዳዋን ክፍል የሚመስል ቀለም ይሻላታል። ቆዳ ለማንጣት የሚሸጡ፣ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ ሊኖርባቸው የሚችል ክሬሞች ግን ፈጽሞ አይመከሩም።

ከሁሉ በላይ የውበት ምክር የጤና ባለሙያውን ዓይን ሊያስት አይገባም። ባህላዊ ኩል እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ በጋራ የሚኳሉበት እንጨትም ነጭ የደም ሕዋሷ ለቀነሰባት ታካሚ የዓይን ኢንፌክሽን ያመጣል። እንሶስላና የጥፍር ቀለም የጥፍርን ለውጥ ይሰውራሉ፤ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በጣት ላይ የሚለካውን መሣሪያም ሊያሳስቱ ይችላሉ። በከንፈር ቀለም ሥር የደም ማነስ ሊደበቅ ስለሚችል የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልጦ ማየት ግዴታ ነው። ለጨረር ሕክምና በቆዳ ላይ የተደረገ ምልክትም በቅቤ ወይም በቅባት ተፈትጎ መጥፋት የለበትም።

መዋብ ዕጢን አያከስምም፤ ዕድሜንም አያራዝምም። ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ በነበረበት ሀገር፣ የመጓጓዣ ገንዘብ በመዋቢያ መግዣ ቢተካ ጉዳቱ ከባድ ነው። ነገር ግን ገበያ መውጣትን አፍራ ከቤት የቀረች ሴት ለቀጣዩ የኬሞቴራፒ ቀጠሮም ልትቀር ስለምትችል፣ ጉዳዩ እንደ ቅንጦት ሊናቅ አይገባም። ምንም ወጪ የማይጠይቀው እርምጃ ከመጀመሪያው መድኃኒት በፊት ጸጉሯ እንደሚረግፍ፣ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ባሉት ወራት አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ እንደሚበቅል መንገርና ከቤቷ ካሉት ልብሶች የትኛው እንደሚስማማት አብሮ ማሰብ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ተረቱ ትክክል ነው፤ የሚናገረው ግን ከሐኪም ስለ መደበቅ እንጂ ከመንገደኛ ስለ መደበቅ አይደለም። ታካሚዋ በሐኪሟ ፊት ሁሉን እንድትገልጥ፣ በወለንጪቲ ገበያ ደግሞ የወደደችውን ብቻ እንድታሳይ መብት አላት። ሻሽ ላለማሰር የመረጠችውም በመላጣ ራሷ በክብር ልትስተናገድ ይገባል።